«ባዶ ቀፎ እኮ ነው»

ጭንቅላታችሁን የመታችሁ ነገር ባዶ ከሆነ ማንም አያዝንላችሁም። እኔን የመታኝ ባዶ ቀፎ ነው፤ ስለዚህ በሕጉ መሠረት ምንም ሊያመኝ አይገባም ነበር። ሕጉን ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ መቱ ውስጥ ግን የማያውቀው ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው ጭንቅላታቸውን ተመትተው፣ ቁስሉ ጠግጎ ፀጉር ከበቀለበት በኋላ እንኳ ነገሩ አልለቅ ላላቸው ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝ ሲል ማር መደብር የገባሁ ልጅ ነኝ። ግን ጭንቅላቴን አየን ካሉት ከአብዛኞቹ የተሻለ አውቃለሁ። ጉራ አይምሰላችሁ፤ እነሱን ለመብለጥ ብዙ ማወቅ አይጠይቅም።

መደብሩ የእትዬ ብርነሽ ነው። እትዬ ብርነሽ የእናቴ የዕድር ጓደኛ ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ ያለእሳቸው ለቅሶ አይለቀስም፣ ሠርግ አይደገስም፣ ሰውም አይታመምም። እኔን የቀጠሩኝ ለእናቴ ብለው እንደሆነ ላገኙት ሁሉ ይናገራሉ። እውነቱ ግን ምላሴ ስኳር የገባበትን ማር ስለሚለይና ከባለማር ጋር ስከራከር ስለማይደክመኝ ነው። ገጠር ወርጄ የምቀምሰው፣ የምመርጠው፣ የምጨቃጨቀው፣ በባልዲ አስሞልቼ መቱ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ያን ሥራ እወደው ነበር። ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ እናቴ «እግርሽ ላይ ጉንዳን አለ እንዴ?» ትለኛለች።

የዚያን ቀን ያዮ ነበርኩ፣ ኦቦ ገለታ ዘንድ። ኦቦ ገለታ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ አገር ቀፎ ትልቅ ዛፍ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ሰውየው ይወጣል፣ ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ ያጠላልፋል፣ ከግንድ የተፈለፈለውን ቀፎ እየጎተተ ያወጣል። እሳቸው ላይ ሆነው ሲጎትቱ፣ እኔ ታች ሆኜ ያለፈው ማራቸው ግማሹ ሰም እንደነበር እየነገርኳቸው ነበር።

«ኢንተሎ! አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ዞር በይ!» አሉኝ።

«መጀመሪያ ሰሙን ይመኑልኝ!» አልኳቸው።

ገመዱ አመለጣቸው።

ከዚያ የማስታውሰው ፊቴ እርጥብ ቅጠል ላይ እንደነበር ነው። ከዛፉ ላይ የወረደውን የመጀመሪያ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ቀፎው ተሰነጠቀ እንዴ?»

ቀፎው አልተሰነጠቀም። ወርደው ግራ ቀኝ እያገላበጡ አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «አይዞሽ፣ ባዶ ነው» አሉኝ። «ሙሉ ቢሆን አልቆልሽ ነበር።» ለማጽናናት ነበር። ማር በውሃ በጥብጠው አጠጡኝ፤ እዚያው አስታወክሁት። በሞተር ሳይክል ጭነው መንገዱ እያነጠረን መቱ አደረሱኝ። ክሊኒክ ውስጥ አንዱ ልጅ ግንባሬ ላይ ያለውን ቁስል ሰፋውና «ጨርሰናል፣ ደህና ነሽ» አለኝ። ልብስ ሰፊ እንኳ ልክ ሆነ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

በሳምንቱ ሥራ ገባሁ። ችግሩም ያን ጊዜ ጀመረ።

ብርሃን ዓይኔ ውስጥ እንደ በርበሬ ይገባል። የባጃጅ ጥሩምባ ጥርሴ ሥር ይሰማኛል። የሚዛኑ ቁጥር ይዋኝብኛል። ቃል ይጠፋኛል፤ አንድ ቀን «ማንኪያ» የሚለው ጠፍቶኝ ደንበኛ ፊት ቆሜ ስቃትት የኦሮምኛው «ፈልአና» ቀድሞ መጣልኝ፤ በማግሥቱ ደግሞ ሁለቱም ጠፉ። ያለምክንያት አለቅሳለሁ፤ በምክንያት ደግሞ እሳደባለሁ። ከሁሉ የከፋው መኝታ ላይ ነው፤ ወደ ቀኝ ስገላበጥ ቤቱ አብሮኝ ይገለበጣል። ጣሪያው ይሽከረከራል፣ አልጋውን በሁለት እጄ ጨብጬ እንዳልወድቅ እለምናለሁ። እየሞትኩ ነው ብዬ አስብ ነበር። እየሞትኩ እንደሆነ ለእናቴ ላለመንገር ትራሱን ነክሼ ዝም እላለሁ። እኔ፣ ዝም! ይህን ብቻ የሰማ የሚያውቀኝ ሰው መታመሜን ሊያውቅ ይገባው ነበር።

እትዬ ብርነሽ ግን አላወቁም።

«ባዶ ቀፎ እኮ ነው የመታሽ!» አሉኝ ደንበኛ ፊት። «እኔ በልጅነቴ ከቤት ጣሪያ ወድቄ በማግሥቱ ውሃ ቀድቻለሁ።»

ያን ጊዜ አክብሬያቸው ዝም አልኩ። አሁን እላለሁ፦ ያስታውቃል።

ሕክምናውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ተጠባባቂዎች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ዘፈን እስከ ጥግ ለቆ ይጮኻል፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሰው በተራ ይጣላል። ከእናቴ ጎን ራሴን ጉልበቶቼ መሀል ቀብሬ ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት አንድም ቃል ሳትናገር ነጠላዋን አጥፋ ጭንቅላቴ ላይ ጣለችልኝ። ጨለማ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ጨለማ አላየሁም። ይቺን ሴት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ ደም አዘዘ። ውጤቱ መጣ፤ ታይፎይድና ታይፈስ።

«ቀፎ ነው የመታኝ» አልኩት።

«ይሁና። ታይፎይድም አለብሽ።»

እኔ ታይፎይድ የለብሽም ተብላ ከክሊኒክ የወጣች ሴት እስካሁን አላየሁም። እግሯ የተሰበረም ብትገባ ታይፎይድ ይዛ ነው የምትወጣው። መርፌውን ተወጋሁ፣ ኪኒኑን ዋጥኩ፣ ክንዴ አበጠ፣ ጭንቅላቴ እንደነበረ ቀረ። ሁለተኛው ሳይነስ ነው አለና የአፍንጫ ጠብታ ሰጠኝ። ሦስተኛው ሸምገል ያለ ነው፣ በጥሞና አዳመጠኝና ተስፋ አደረግሁ። ስጨርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«አግብተሻል?»

«አላገባሁም።»

«ጭንቀት ነው። ስታገቢ ይለቅሻል።»

እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ ራሷን ነቀነቀች። ውጪ ስንወጣ «የሚያገባኝን ሰውዬ በየትኛው መድኃኒት ቤት ነው የምንገዛው?» አልኳት። ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። በዚያ ሁሉ ወራት የሳቅንበት ቀን እሱ ብቻ ነበር።

ሁሩሙ ከተማ ያለው ወጌሻ ዘንድም ከመሄድ አልቀረሁም። ጭንቅላቴን ዙሪያውን በክር ለካና «ተከፍቷል» አለ፣ በር የሆነ ይመስል። ሊዘጋው በጨርቅ ጠፍሮ አሰረኝ። ዓይኔ ሊወጣ ሲደርስ ባጃጅ ውስጥ ፈታሁትና በመስኮት ወረወርኩት። በመጨረሻ ጅማ ድረስ ሄጄ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሣሁ። «ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብሽም» አሉኝ። ሰው ደስ ይለዋል ብላችሁ ታስባላችሁ። እኔ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ይህ ሁሉ ምንድን ነው? ሰፈሩም የጠበቀው ይህንኑ ነበር፤ ምንም የለባትም ከተባለ፣ የቀረው ወይ ስንፍና ነው ወይ ሰይጣን።

ስንፍናውን መጀመሪያ ሞከሩት። እትዬ ብርነሽ «እስክትድኚ» ብለው የእህታቸውን ልጅ በቦታዬ አስቀመጡ። ልጅቱ ማርን ከቫዝሊን በማሽተት የምትለይ አትመስለኝም። «እስክትድኚ ነው» አሉኝ ደጋግመው፤ ሲደጋግሙት ነው ውሸት መሆኑን ያወቅሁት። እናቴ የእኔን ደመወዝ የምትጠብቅ ሴት ናት፤ አባቴ ካረፈ በኋላ ቤቱን የያዝነው ሁለታችን ነን። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጭንቅላቴን መልሼ ወደ ማሬ መመለስ።

ሰው ግን መች ያድናል! ሰው ይጠይቃል።

ጥየቃን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ግን የታመማችሁት ጭንቅላታችሁን ከሆነ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ከጠዋት ጀምሮ ይመጣሉ። ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው ይመጣሉ። «እግዜር ይማርሽ» ብለው አልጋዬ ጫፍ ላይ ዘፍ ሲሉ ጣሪያው አብሮ ይዞራል። ከዚያ ስለ እኔ አንዴ፣ ስለ ቡና ዋጋ አሥሬ ያወራሉ። አንዷ የጎረቤቷ ልጅ እንደኔው ጭንቅላቷን ተመትታ በሦስተኛው ወር እንደሞተች በዝርዝር ትነግረኛለች፤ ሌላዋ «ኧረ ዝም በይ፣ ትሰማለች!» ብላ ትጮኻለች። መጮኋ ነው የሚገድለኝ። ሲወጡ ሌሎች ይገባሉ። በዚያ ላይ ዝናቡ ነው። የኢሉባቦርን ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተኝቶ የሰማ ያውቀዋል፤ ሰዎቹ ደግሞ ዝናቡን ለመብለጥ ይጮኻሉ። ማታ ማታ ቤቱ ባዶ ሲሆን ጭንቅላቴ ውስጥ ገና ቁጭ ብለው ያወራሉ።

«እማዬ፣ ዛሬ ሰው አይግባ» እላታለሁ።

«ምን ትያለሽ? ሰው የሌለን ልንመስል? አንቺ ስትታመሚ በሬን ዘግቼ፣ እኔ ስታመም ማን ይመጣልኛል?»

እናቴን አልፈረድኩባትም። እሷ የምታውቀው መድኃኒት ሰው ነው።

የሰይጣኑ ነገር የመጣው አንድ ቅዳሜ ነው። እትዬ ብርነሽ ሴቶቹን አስከትለው፣ በእጃቸው አንዲት ቀይ የብሉቱዝ ስፒከር ይዘው ገቡ። ለበረከት ብለው ትራሴ አጠገብ አስቀምጠው መዝሙር ከፈቱ። ከበሮው ሲመታ ቀፎው እንደገና የወደቀብኝ መሰለኝ። ጆሮዬን ይዤ ጮኽኩ።

«ዝጉት! ዝጉት በማርያም!»

ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ሁሉ ወራት ያገኘኋት የመጀመሪያ ጸጥታ ናት፤ ልደሰትባት ስል እትዬ ብርነሽ በሹክሹክታ፦

«ሰማችሁ? መዝሙር ሲሰማ ጮኸ።»

ጮኸች አላሉም። ጮኸ አሉ።

«በማርያም ብያለሁ እኮ!» አልኩ። «ሰይጣን በማርያም ይላል እንዴ እትዬ ብርነሽ?»

«ይኸው፣ ይከራከራል ደግሞ።»

ከመወለዴ ጀምሮ እከራከራለሁ፤ ለዚያ ነው የቀጠሩኝ። ያን ቀን ግን ነገሩ ተቆረጠ። ብርሃን ይሸሻል፣ መዝሙር ይጠላል፣ ሰው ያንጓጥጣል፤ ሌላ ምን ምልክት ይፈለጋል? በሁለተኛው እሑድ ሚኒባስ ተይዞ ርቆ ወዳለ ጸበል እንድወሰድ፣ እዚያም እስኪለቅ ድረስ እንድቆይ ተወሰነ። ጸበልን አልንቅም፤ ተጠምቄ ያደግሁ ልጅ ነኝ። የናቅሁት ምን እንደያዘኝ የወሰነችው ማር ነጋዴ መሆኗን ነው። የፈራሁት ደግሞ እዚያ ያለውን ድምፅ ማጉያ፣ ግፊያውን፣ ጩኸቱን ነው። በጮኽኩ ቁጥር «ሊወጣ ነው» እያሉ ይጨምሩልኛል። ከዚያ አልመለስም ነበር፤ ብመለስም የማር ቀማሿ መሲ አትሆንም የምትመለሰው።

በዚያ ሳምንት ያቺ ባለነጠላ ሴት እናቴን ገበያ ውስጥ አገኘቻት። አስታወሰቻት። «ልጅሽ እንዴት ሆነች?» አለቻት። እናቴ አለቀሰች። ሴትዮዋም ባሏ ከሞተር ወድቆ እንደኔው ሆኖ እንደነበር፣ ሁሩሙ የምትሠራ አንዲት ሐኪም እንደረዳችው ነገረቻት። «መድኃኒት ግን እንዳትጠብቂ» አለቻት፤ «አትሰጥም። ቁጭ ብላ ታዳምጣለች።»

እናቴ ይህን ስትነግረኝ እንደ ማስጠንቀቂያ ነው የነገረችኝ። እኔ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።

ዶክተር ኦብሴ እኔን በጥቂት ዓመት ብትበልጠኝ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ብድግ ብላ መጋረጃውን መዝጋት ነው፤ ከበሩ ስገባ ዓይኔን መጨፈኔን አይታ ነበር። ከዚያ «እንዴት ነው የተመታሽው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለችኝ።

እስቲ አስቡት። ያን ሁሉ በር አንኳኩቼ፣ እንዴት ተመታሽ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው!

ነገርኳት። ቃል ሲጠፋኝ ጠበቀችኝ እንጂ አልሞላችልኝም። ኦሮምኛ ሲቀናኝ በኦሮምኛ ተከተለችኝ። «ባዶ ቀፎ ነው» ብዬ ጨረስኩ፣ ከልማድ።

«ባዶው ስንት ሰው ይሸከመዋል?» አለች።

«ሁለት።»

«ታዲያ ምኑ ነው ባዶ?»

ከዚያ ዓይኔን፣ አንገቴን፣ አቋሜን አየች። የጅማውን ውጤት አነበበች። «ይህ ስብራትና የፈሰሰ ደም አለመኖሩን ነው የሚነግረን፤ ጥሩ ነው። ግን አንጎል ሲናወጥ እዚህ ላይ አይታይም። ስልክሽ ወድቆ መስታወቱ ሳይሰነጠቅ ውስጡ ሲዛባ አላየሽም?» የያዝኩትን መድኃኒት ሁሉ አውጪው አለችኝ። ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ ገለበጥኩት። የሕመም ማስታገሻውን ለብቻ አወጣችና በየቀኑ እንደምውጠው ስታውቅ ጭንቅላቷን ያዘች። «ይሄ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል» አለችኝ። የምገዛው ራስ ምታት ነበር ማለት ነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ።

ቀጥሎ አልጋው ላይ አስቀመጠችኝ። ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቀኝ አዞረች፣ በቅጽበት በጀርባዬ አስተኛችኝ። ዓለም ተሽከረከረች። ጮኽኩ፣ ተሳደብኩም መሰለኝ።

«ስድቡን ቀጥይ፣ ዓይንሽን ግን አትጨፍኚ» አለችኝ፤ ዓይኔን እያየች ነበር። ሽክርክሪቱ ሲበርድ ጭንቅላቴን ወደ ግራ አዞረች፣ ከዚያ በጎኔ አስተኛችኝ፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ቀና አደረገችኝ። እናቴ ጥግ ላይ ሆና ታማትባለች።

ጆሯችን ውስጥ ሚዛናችንን የሚጠብቁ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ አለችን። ጭንቅላት ሲመታ ከቦታቸው ይወጣሉ፤ ስንገላበጥ አብረው ይንከባለላሉ፤ አንጎል ቤቱ የዞረ ይመስለዋል። አሁን ያደረገችው ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። ለቀረው ደግሞ መድኃኒቱ ሥርዓት ነው አለች። በሰዓቱ መተኛት። ማስታገሻውን እሷ በምትነግረኝ መንገድ መተው። በየቀኑ ትንሽ መራመድ፣ ራሴ መክበድ ሲጀምር መቆም፣ በማግሥቱ ትንሽ መጨመር። ጨለማ ክፍል ውስጥ ወር ሙሉ ተጋድሜ መዋልም አይረዳም። «ጩኸትና ግርግር ግን ለጊዜው ይቅር። ጠያቂ አይግባ።»

«መቼ ነው የሚለቀኝ?» አልኳት።

«አላውቅም» አለችኝ። «ብዙ ሰው ቶሎ ይሻለዋል፣ አንቺ ላይ ቆይቷል። ይሻልሻል፤ ቀኑን ግን ብነግርሽ ዋሸሁ።»

ሁሉም ያውቁ ነበር እኮ! ታይፎይዱም፣ ሳይነሱም፣ ባሉም፣ ሰይጣኑም ያለጥርጥር ነበር የተነገረኝ። «አላውቅም» የምትል ሐኪም ሳገኝ ነው ያመንኩት።

እናቴ ግን ገና ከበሩ ስንወጣ ፈነዳች። «ሄደን ሄደን ባዶ እጃችንን! መርፌ እንኳ የለም? የሚዋጥ ነገር እንኳ? ጭንቅላትሽን እንደ ጠርሙስ ክዳን አዟዙራ ሰደደችን!» ሚኒባሱ ውስጥ እስከ መቱ አኩርፋ ተቀመጠች።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደክሞኝ ተኛሁ። በእንቅልፍ ልቤ ወደ ቀኝ ተገላበጥኩና ነቃሁ። አልጋውን ጨብጬ ጠበቅሁ። ጣሪያው ቆሟል። ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ። ቆሟል!

«እማዬ!»

ከጓዳ እየሮጠች መጣች። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም! ተገላበጥኩ፣ ምንም አልሆንኩም!»

ልጅ ሳለሁ ታደርገው እንደነበረው አልጋው አጠገብ ቆማ «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደጋገምኩት። እንደ ጉድ እየተገላበጥኩ ሳቅሁ፤ ራሴ ግን አሁንም ያመኛል፣ ብርሃኑም እንደ በርበሬ ነው። እናቴ አልሳቀችም። ቆማ አየችኝና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

እሑድ ጠዋት ሚኒባሱ በራችን ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ቆመ። መስኮቱ ሥር ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። እናቴ ልብሴን ዓርብ ዕለት አጥፋ ቦርሳ ውስጥ ከትታለች፤ አውጥታው ይሁን አይሁን አላውቅም። ለመጠየቅም ፈራሁ።

«ዘውዴ! ልጅቷን አውጪያት፣ ሳይመሽብን» አሉ እትዬ ብርነሽ።

«አትሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«አትሄድም አልኩሽ ብርነሽ። ድምፅሽንም ቀንሺ።»

«ሰይጣኑ አንቺንም ያዘሽ? ይኸው ሰው ተሰብስቧል፣ መኪና ተይዟል! በይ ቢያንስ እንግባና እንያት።»

«ሰው እንዳይገባ ሐኪሟ ከልክላለች።»

«የቷ ሐኪም? ያቺ መድኃኒት የሌላት?»

«እሷ።»

«በር ልትዘጊብኝ ነው? በዕድርተኛ ላይ በር ይዘጋል? ነገ ሰው አያስፈልግሽም?»

እናቴ ታስገባቸዋለች ብዬ አሰብኩ። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ እኔ ስታመም እንኳ በሩን ያልዘጋችው ለዚህ ጥያቄ ብላ ነው።

«እኔ ስሞት በሩ ክፍት ነው» አለች በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ግቢና እስኪበቃሽ ጩኺ። ልጄ ግን አልሞተችም።»

ከዚያ የቆርቆሮውን በር ዘጋችው። ያ በር ሲዘጋ ሰፈሩን የሚያነቃ በር ነው። ቀስ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ደግፋ፣ ኮሽ ሳታደርግ ዘጋችው። ድምፁ እንዳያመኝ። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ያን ጊዜ ግን ያለምክንያት አልነበረም።

የዕድሩ ሴቶች ለተወሰነ ጊዜ አኮረፏት። የንስሐ አባታችን ግን ሲሰሙ «እኔን ሳይጠይቁ ሰይጣን የሚያድሉ እነማን ናቸው?» ብለው ተቆጡ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ኩርፊያው ላላ። እናቴም በር ላይ ቆሞ መጠየቅ የሚባል ነገር ፈጠረች። ብርቱካኑን በበሩ ክፍተት ትቀበላለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እነግራታለሁ» ትላለች፣ ትዘጋለች። በብርቱካን ረገድ የቀረብን ነገር የለም።

መዳኔ ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም። ማስታገሻውን ሳቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ገሃነም ነበሩ። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት ተራመድኩ። አንድ ቀን በጣም ደህና ነኝ ብዬ ገበያ ስዞር ዋልኩና ለሳምንት ተጋደምኩ። ዶክተር ኦብሴ አልተቆጣችኝም፤ «ትንሽ ቀንሺ» ብቻ አለች። ቃላቶቼ ተመለሱ። ስድቦቼ ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው ቀድመው ተመለሱ።

ስለዚህ የምላችሁ ይህ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ አልነቃ ካለ፣ እጅ እግሩ ከዛለ፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ማር በጥብጣችሁ አታጠጡት፤ ሆስፒታል ሩጡ። እኔ አስመልሼ ሳለ በሞተር ተጭኜ መምጣቴ ዕድል ነው እንጂ ብልሃት አይደለም። ከዚያ ካለፈና ግን አልለቅ ካለ፣ እንዴት ተመታህ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ፈልጉ። ሳይጠይቅ የሚያውቅን ሽሹ። የዶክተሯን ጭንቅላት ማዟዞር ደግሞ ቤታችሁ አትሞክሩት፤ ወጌሻ ይበቃናል። ጠያቂዎችም፣ ብርቱካኑን በር ላይ ተዉትና ሂዱ።

እትዬ ብርነሽ ቦታዬን አልመለሱልኝም። «ልጅቷን እንዴት ላስወጣት?» አሉ። ሊወስዱብኝ የማይችሉት አንድ ነገር ግን ነበር፤ ምላሴን ይዤ ወጣሁ። ባለማሮቹ የሚያውቁት እኔን ነው። በዓመቱ ባልዲዎቼን ይዤ ለራሴ ልገዛ ያዮ ወረድኩ፣ ኦቦ ገለታ ዘንድ።

ዛፉ ሥር ቆመው ነበር። እኔ ርቄ ቆምኩ።

«ነይ እንጂ ኢንተሎ፣ ምን ትፈሪያለሽ?» አሉኝ እየሳቁ። ወደ ላይ ጠቆሙ። ያ ቀፎ ነው፤ ንብ ገብቶበት ከአፉ ላይ ይተራመሳል። «አየሽ? አልተሰነጠቀም። ዘንድሮ እስከ አፉ ሙሉ ነው።»

«ኦቦ ገለታ» አልኳቸው ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ፣ «ባዶው እኔን እንዲህ ካደረገኝ፣ ሙሉውን ለእትዬ ብርነሽ ያስቀምጡላቸው። ለእኔ ከሌላኛው ይቁረጡልኝ። ሰሙን ደግሞ አየዋለሁ።»